መመለስ አያሳፍርም

የኖርዌይ ሰዎች ለተራራ ሕግ አውጥተዋል፤ ሕጉም በየመንገደኛ ጎጆው በር ጀርባ ተለጥፏል። ከአንቀጾቹ አንዱ «በጊዜ ተመለስ፤ መመለስ አያሳፍርም» ይላል። ቦዲል ኦስተርጎር ይህን የመጀመሪያው ጎጆ ውስጥ፣ ሰኞ ወደ ማታ፣ እርጥብ ካልሲዋን ምድጃው አጠገብ ስታሰጣ አነበበችውና በሩን «አንተን ማን ጠየቀህ?» አለችው። ጎጆው ውስጥ ከእሷ በቀር ሰው ስላልነበረ መልስ አላገኘችም።

ከመሬት ተነስታ አልተናደደችም። ልጇ ኤስበን ይህችኑ ዓረፍተ ነገር ከኮምፒውተር ላይ አግኝቶ፣ ከቤት እስክትወጣ ድረስ ሲደጋግምባት ነበር። መርከቡ ላይ ልትሳፈር ስትል እንኳ ቦርሳዋን እያቀበላት «እማዬ፣ ራሳቸው ኖርዌጂያኖቹ መመለስ አያሳፍርም ይላሉ እኮ» ብሏታል። አንድ ጊዜ ሲባል ምክር ነው። አሥር ጊዜ ሲባል ግን ትመለሻለሽ ማለት ነው፤ ቦዲልም የሚባለውን ብቻ ሳይሆን የተባለበትን ምክንያት የምትሰማ ሴት ናት።

ስልሳ ስምንት ዓመቷ ነው። በዴንማርክ ምዕራብ ጫፍ፣ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ በብስክሌት ፖስታ ስታድል ኖራ ጡረታ ወጥታለች። አገሩ ሜዳ ነው። ዴንማርኮች መቶ አርባ ሰባት ሜትር ከፍታ ያላትን ጉብታ «የሰማይ ተራራ» ብለው ስም ያወጡ፣ እሁድ እሁድም ቤተሰባቸውን ይዘው እሷን ለመውጣት የሚሰለፉ ሕዝቦች ናቸው። ተራራ የላቸውም፤ ነፋስ ግን አላቸው። ቦዲል ያን ነፋስ በየቀኑ ፊት ለፊት እየገጠመች፣ አንድ ደብዳቤ ሳታረጥብ ሥራዋን ጨርሳለች። ለዚህ ማንም አልሸለማትም፤ እሷ ግን ታውቀዋለች።

በሚያዝያ ወር የጣራዋን አሸንዳ ልትጠርግ መሰላል ላይ ወጥታ ወደቀች። የግራ እጇ አንጓ ተሰበረ። ስልኳ ወጥ ቤት ውስጥ ስለነበር ኤስበን መጥቶ እስኪያገኛት ድረስ አራት ሰዓት ሣር ላይ ተጋደመች። ቦዲል ስለዚያ ቀን ስታወራ ስላየችው ደመና ነው የምታወራው። ኤስበን ግን እናቱን እንደዚያ ወድቃ ያየበት ቀን ከዓይኑ አልጠፋ አለው፤ በእንቅልፉም ያየዋል። ደግ ልጅ ነው፤ ሲፈራ ግን ደግነቱ ጉልበተኛ ያደርገዋል። በወሩ ቅጽ ይዞ መጣ።

ቅጹ ስለ አረጋውያን መኖሪያ ነበር። ከተማ መሃል የተሠራ አዲስ ሕንፃ፣ አንድ ክፍልና መታጠቢያ፣ አልጋው አጠገብ የጥሪ ደወል ያለው። የቦዲል ቤት ይሸጣል፤ ያ ቀይ ጡብ ቤት፣ ባሏ ቪጎ ታሞ በተኛበት ክረምት የወጥ ቤቱን ወለል በገዛ እጇ ያነጠፈችው ቤት። በአዲሱ መኖሪያ ምሳ ለሁሉም በአምስት ሰዓት ተኩል ይቀርባል፤ የሳምንቱ ምግብ ዝርዝር ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ቦዲል ቅጹን ከላይ እስከ ታች አንብባ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች። «በስድስት ሰዓት ቢርበኝስ?» አለች። ኤስበን የቀለደች መስሎት ሳቀ።

ሲጨቃጨቁ ከርመው በሰኔ ወር አንድ እሁድ ቦዲል ንዴት ያናገራትን ተናገረች። ኖርዌይ ትሄዳለች፤ ተራራውን ብቻዋን፣ ከጎጆ ጎጆ እያደረች፣ በስድስት ቀን ታቋርጣለች። ቅዳሜ ዕለት በእግሯ ወርዳ በወዲያኛው በኩል ካለው የሐይቅ ጀልባ ማቆሚያ ከደረሰች ቅጹ ምድጃ ይገባል። ከተመለሰች ወይም ሰው ተሸክሞ ካወረዳት ትፈርማለች። ኤስበን በመጀመሪያ ሳቀ፤ ቀጥሎ እንዳልቀለደች ገባውና እጁን ዘረጋ። ተጨባበጡ። ሰው ከገዛ ልጁ ጋር በገዛ ቤቱ ሲወራረድ ምን ይባላል? ጤነኛ ነገር አይባልም፤ ግን ተጨባበጡ።

እንዲህ ነው እንግዲህ ቦዲል ከዚያ በፊት አንድም ቀን ባልረገጠችው አገር፣ በነሐሴ ወር፣ አሮጌ ቀይ የፖስታ ቤት ካፖርቷን ለብሳ ድንጋይ ለድንጋይ መሄድ የጀመረችው። መንገዱ የሚታወቀው በድንጋይ ቁልል ነው። በየቁልሉ ላይ ቲ የምትባል ፊደል በቀይ ቀለም ተጽፋለች፤ ከአንዷ ቲ ቆሞ ቀጣዩዋን እያዩ መሄድ ነው። ሰኞ ፀሐይ ነበር። ማክሰኞ ጠጠር የሚያህል በረዶ ወረደ። ረቡዕ ከጠዋት እስከ ከሰዓት አራቱ ወቅቶች ተራ በተራ ተፈራረቁባት፤ ካፖርቷን ስታወልቅና ስትለብስ ዋለች። ተረከዟ ቆሰለ፤ አንጓዋ ጠዋት ጠዋት ይጠዘጥዛት ነበር። በመንገድ ላይ ውድ ልብስ የለበሱ ወጣት ባልና ሚስት አገኟትና ብቻዋን መሆኗን ጠየቋት። ከነፋስ ጋር ነኝ አለቻቸው። እነሱም ፈገግ ብለው ያችን ዓረፍተ ነገር ነገሯት። ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ አለፈች።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጎጆዎች ሰው አልባ ነበሩ፤ መንገደኛው ራሱ ከፍቶ ይገባል፣ ራሱ እንጨት ይፈልጣል። በሦስተኛው ግን ጠባቂ አገኘች። ሀልቫርድ ይባላል፤ ሰባ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ድሮ መርከበኛ የነበረ፣ አሁን በየነሐሴው ለሁለት ሳምንት ያለ ደመወዝ ጎጆውን የሚጠብቅ ሰው ነው። ረቡዕ ከሰዓት ስትደርስ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ እንጨት ይፈልጥ ነበር። ገና ሰላም ስትለው ቀና አለ።

«ዴንማርክ ነሽ» አላት።

«በምን አወቅክ?»

«ትኩስ ድንች ጉሮሮው ላይ እንደቆመበት ሰው ነው የምታወሪው፤ ዴንማርኮች ሁሉ እንዲህ ናችሁ።»

«አንተስ?» አለችው። «እያወራህ ነው ወይስ እየዘፈንክ?»

ሀልቫርድ መጥረቢያውን ጣለና ሳቀ። ከዚያ በኋላ ተግባቡ። የሁለቱ አገር ሰዎች ቋንቋዎች እህትማማች ናቸው፤ ቀስ ብለው ከተነጋገሩ አስተርጓሚ አያሻቸውም፤ ሁሉ ነገር የገባቸው የሚመስላቸውም ለዚህ ነው። ሾርባ አሞቀላት። ለመንገድ ዳቦ እንዴት እንደሚያዝ አሳያት፤ ኖርዌጂያኖች በእያንዳንዱ ቁራሽ መሃል ስስ ወረቀት ያደርጋሉ፣ ቅቤው እንዳይጣበቅ። ቦዲል ይህን ልማድ ወደደችው፤ ለነገ ስድስት ቁራሽ እዚያው አዘጋጀች። ከዚያ ስለ ቆሰለው ተረከዟና ስለ መሻገሪያው ጠየቀችው። መሻገሪያው ከጎጆው በስተምሥራቅ ያለ፣ በሁለት ጫፎች መሃል የሚያልፍ ከፍታ ነው። አራት ሰዓት ሽቅብ፣ ሁለት ሰዓት ቁልቁል ነው አላት።

«አየሩስ?»

«ነገ ከፍሩኮስት በኋላ ይበላሻል» አለ ሀልቫርድ። «ክፉ ነው የሚመጣው።»

«እንግዲያው ጊዜ አለኝ።»

«ጊዜማ ሞልቶሻል» አለና ምድጃው ላይ እንጨት ጨመረ።

ፍሩኮስት። ቦዲል ይህን ቃል ስትሰማ የሚታያት አንድ ነገር ነው፤ ስድስት ሰዓት ላይ የተዘረጋ ጠረጴዛ፣ ጥቁር ዳቦ፣ ሆምጣጤ ውስጥ የዋለ ዓሣ። ምሳ ማለት ነው። ፖስታ ስታድልም በስድስት ሰዓት ብስክሌቷን አጥር ላይ ታስደግፍና ትበላ ነበር፤ ሰው ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ በልቧ አሰላች። ጎህ ሲቀድ ብትነሳ አራት ሰዓት ገደማ መሻገሪያው ላይ ትደርሳለች፤ ክፉው አየር ሲመጣ እሷ ወርዳ ጨርሳለች። ለሀልቫርድ አልነገረችውም፤ ያችን ዓረፍተ ነገር እንዳይላት ፈርታ ነው።

ሐሙስ ጠዋት ሀልቫርድ ሳይነሳ፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ከመሆኑ በፊት ወጣች። ሰማዩ ጠርቶ ነበር። ከመውጣቷ በፊት እንደ ልማዱ መዝገቡ ላይ ጻፈች። በየጎጆው አንድ ትልቅ መዝገብ አለ፤ እንግዳ ስሙን፣ ከየት እንደመጣና ወዴት እንደሚሄድ ይጽፍበታል፤ ሰው ከጠፋ ፍለጋው የሚጀመረው ከእሱ ነው። ቦዲል ጥርት ባለ የፖስታ ቤት ጽሑፏ «ወደ ምሥራቁ ጎጆ። መሻገሪያውን ከፍሩኮስት በፊት አልፌ እወርዳለሁ» ብላ ጻፈች።

ሦስት ሰዓት ሲሆን መሻገሪያው አፋፍ ልትደርስ ትንሽ ቀርቷት ነበር። ከኋላዋ፣ ከምዕራብ በኩል፣ ሰማዩ ጠቆረ። ሰዓቷን አየች። ኖርዌጂያኑ ተሳስቷል አለች፤ ወይም ይህ የሚያልፍ ደመና ነው፣ ዋናው ገና ነው። እርምጃዋን ጨመረች። ከሩብ ሰዓት በኋላ ጉሙ ደረሰባት፤ ጉሙን ዝናብ ተከተለው፤ ዝናቡም ወዲያው ወደ እርጥብ በረዶ ተቀየረና ከጎን ይመታት ጀመር። በነሐሴ ወር። ነፋሱ ከኋላ ስለሚገፋት መንገዱ ቀለላት፤ እንዲያውም ተደሰተች። ጥርሷን ነክሳ ከቲ ወደ ቲ ሄደች፤ አንዷ ቁልል ላይ ስትደርስ ግን ቀጣዩዋ ጠፋች።

ቆመች። ከፊቷ ነጭ ነው፣ ከጎኗ ነጭ ነው። ቦዲል የምትደነግጥ ሴት አይደለችም። ኪሷ ውስጥ ጥቅል ሲባጎ ነበራት፤ ጡረታ ስትወጣ ከካፖርቷ በቀር ከፖስታ ቤቱ ይዛው የወጣችው ብቸኛ ነገር እሱ ነው። አንዱን ጫፍ ቁልሉ ላይ አሰረችና ጥቅሉን እየለቀቀች ወደ ፊት ሄደች። ሲባጎው ሲያልቅ ቆማ ግራ ቀኙን ፈለገች። ምንም የለም። እየጠቀለለች ተመለሰች፤ ወደ ቀኝ አዘንብላ ደግማ ሄደች። ምንም የለም። ጣቶቿ ደነዘዙ። ለሦስተኛ ጊዜ ወደ ግራ ሄደች። ሲባጎው ሊያልቅ ሲል የመንገድ ዱላዋን ወደ ፊት ብትተክለው ዱላው የሚያርፍበት አጣ።

ወደ ኋላ ወደቀች፤ የተሰበረው አንጓዋ ላይ። ከታች፣ ከሩቅ፣ የውሃ ድምፅ ይሰማል። ፈራች፤ ይህን ማንም እንዲደብቅላት አልፈለገችም። ሲባጎውን ይዛ በእጅና በጉልበቷ እየዳኸች ወደ ቁልሉ ተመለሰችና ተደግፋው ተቀመጠች። ካፈርኩ አይመልሰኝ ማለት ቀላል ነው፤ መሬት ከእግር በታች እስካለ ድረስ።

እዚያ ተቀምጣ የመጣባት ፍርሃት ሳይሆን ንዴት ነበር። በኤስበን አልተናደደችም፤ በነፋሱም አልተናደደችም። ይህቺን ቲ ማን ከቤቴ ጋር አሰራት ብላ ራሷን ጠየቀች። ያሰረችው ራሷ መሆኗን ስታውቅ ደሟ ፈላ። ብትሞት ኤስበን ቤቱን ይሸጠዋል፤ በሕይወት ተርፋ ብትመለስም ይሸጠዋል። ቤቷን ለማዳን ብላ ቤቷን የሚያሳጣ ነገር ላይ ተቀምጣለች።

ተነሳች። ሲባጎውን ልትፈታ ሞከረች፤ ጣቶቿ እምቢ ስላሏት ትታው ፊቷን ወደ ምዕራብ አዞረች። ወደ ፊት ስትሄድ ነፋሱ ሲገፋት ነበር፤ መመለስ ማለት ግን ነፋሱን ፊት ለፊት መግጠም ነው። በረዶው ዓይኗ ውስጥ ገባ። አንገቷን ደፍታ፣ ትከሻዋን አስቀድማ፣ በብስክሌት ስትሄድ እንደምታደርገው ገፋችው። ይህን ታውቀዋለች። ከቁልል ወደ ቁልል እየተንገዳገደች ወረደች፤ በንዴት እያለቀሰች ወረደች፤ እንባዋ ጉንጯ ላይ እየቀዘቀዘ፣ ጮክ ብላ እየተሳደበች።

ግማሽ መንገድ ላይ የፊሽካ ድምፅ ሰማች። ከጉሙ ውስጥ ሀልቫርድ ወጣ፤ ጀርባው ላይ ትልቅ ቦርሳ፣ ጢሙ በረዶ ይዟል። እስኪተነፍስ ድረስ ቆሞ አያት።

«ቦርሳሽን ስጪኝ» አላት።

«እጅህን ሰብስብ።»

«ሴትዮ፣ ደክሞሻል።»

«ሰው ተሸክሞ ካወረደኝ ቤቴ ይሸጣል» አለች። ይህ ለማንም የማይገባ አነጋገር ነው፤ ሀልቫርድ ግን መርከብ ላይ የኖረ ሰው ስለሆነ ከማዕበል መሃል ማብራሪያ አልጠየቀም።

«እንግዲያው ቅደሚ» አላት፤ እሱም ከኋላዋ ሆነ። ሁለት ጊዜ ስትሳሳት በፊሽካ ብቻ አስታወቃት። በእግሯ ገባች።

ጎጆው ውስጥ ጫማዋን አውልቃ፣ ሁለት ብርድ ልብስ ለብሳ፣ ሙቅ ስኳር ውሃ ከጠጣች በኋላ ነው ነገሩ የተነሳው። ሀልቫርድ መዝገቡን አምጥቶ ጭኗ ላይ አስቀመጠላት።

«ከፍሩኮስት በኋላ ብዬሽ አልነበረም?»

«ብለኸኛል እንጂ። ተሳስተህ ነው እኮ። በሦስት ሰዓት ነው የመጣው።»

«በሦስት ሰዓት ፍሩኮስት በልቼ ሳህን አጥቤ ነበር።»

ቦዲል አፈጠጠችበት። «በሦስት ሰዓት ምሳ የሚበላ የት አገር አለ?»

«እኛ ጋ» አለ ሀልቫርድ ቀስ ብሎ፣ «ፍሩኮስት ቁርስ ነው።»

ምድጃው ይንጣጣል። ሀልቫርድ ወጣት ሳለ ሁለት ዓመት በዴንማርክ መርከብ ላይ እንደሠራ ነገራት፤ በመጀመሪያው ቀን ለፍሩኮስት ና ብለውት ጠዋት ሄዶ ባዶ ጠረጴዛ ላይ ብቻውን ተቀምጦ ነበር። ከዚያ ወዲህ ቃሉን ረስቶት ነበር። ዛሬ ጠዋት መዝገቡን ከፍቶ «ከፍሩኮስት በፊት አልፌ እወርዳለሁ» የሚለውን ሲያነብ በመጀመሪያ እብድ ናት አለ፤ ማንም ሰው ከቁርስ በፊት ያን መሻገሪያ አያልፍም። ከዚያ ያ ባዶ ጠረጴዛ ትዝ አለው፤ ቡናውን ሳይጨርስ ወጣ።

«እናንተ ዴንማርኮች አራት መቶ ዓመት ገዝታችሁን» አላት፣ «ቁርስና ምሳ ሳታስተምሩን ሄዳችሁ።»

«አስተምረን ነበር» አለች ቦዲል። «ስትዘፍኑ አልሰማችሁም።»

እስኪያማቸው ሳቁ። ቦዲል ሳቋ ወደ ልቅሶ ዞረና ስለ ውርርዱ ሁሉ ነገረችው፤ ስለ ቅጹ፣ ስለ መሰላሉ፣ ስለ ቅዳሜ። ማዕበሉ ነገም አይቆምም፤ ቅዳሜ ብትነሳ ሰኞ ነው የምትደርሰው። ውርርዱ አለቀ፤ ተመልሳለች። ሀልቫርድ ምክር አልሰጣትም። በጎጆው የአደጋ ጊዜ ሬዲዮ ለጀልባው ባለቤት መልእክት እንደሚልክ፣ ልጇ እንዳይጨነቅ ምን እንደሚባልለት ጠየቃት።

«ደህና ናት፣ ሁለት ቀን ትዘገያለች በለው» አለች። ትንሽ አሰበችና ጨመረች፦ «ተመልሳ ነበር በለው። አትደብቅ።»

ዓርብ ቀኑን ሙሉ በረዶና ዝናብ ጎጆውን ሲገርፍ ዋለ። ቦዲል ከበሩ ፊት ለፊት ተቀምጣ ተረከዟን በፋሻ እየጠቀለለች ያን የተለጠፈ ሕግ ስታየው ዋለች። አንብባ ትተወዋለች፣ መልሳ ታነበዋለች። ስለ ምግብ ይላል፣ ስለ ካርታ ይላል፤ ከዚያ ያችን ዓረፍተ ነገር ይላል። ከሰዓት ላይ ብቻዋን ሳቀች። ሀልቫርድ ምን እንዳሳቃት ቢጠይቃት፣ ሕጋችሁ መጥፎ አይደለም ብቻ አለችው።

ቅዳሜ ሰማዩ ምንም እንዳላጠፋ ሰው ጠርቶ ነጋ። ሀልቫርድ ዳቦ በወረቀት እየለየ ሰጣት፤ በቲማቲም የተሠራ የቆርቆሮ ዓሣም ጨመረላት። ከቁርስ በኋላ፣ በእሱ አጠራር ከፍሩኮስት በኋላ፣ ተነሳች። አራት ሰዓት ሙሉ ሽቅብ ወጥታ ከዚያች ቁልል ደረሰች። ሲባጎዋ እዚያው ታስሮ እርጥብ ሆኖ ተጋድሟል። በግራ በኩል ገደሉን አየችው፤ ከታች ሐይቅ አለ፣ ጥቁር። ወደ ፊት ደግሞ ሲባጎዋ ከሚያልቅበት አሥር እርምጃ እልፍ ብሎ ቀጣዩዋ ቲ ቆማለች። አሥር እርምጃ። ቦዲል ሁለቱን አፈራርቃ አየች፤ አልቆጫትም። ሲባጎውን ፈትታ በጥንቃቄ ጠቀለለችውና ኪሷ ከተተችው፤ ከዚያ አሥሩን እርምጃ ሄደች።

ሰኞ ዕለት ከጫካው ወጥታ ወደ ሐይቁ ስትወርድ ኤስበን የጀልባ ማቆሚያው ጫፍ ላይ ቆሞ ነበር። ሁለት ቀን እዚያው ሲመላለስ እንደከረመ ጫማው ያስታውቃል። ሲያያት ሮጠ፤ ከነቦርሳዋ አቀፋት፤ ሲለቃት ዓይኑ ቀልቶ ነበር። አንጓዋን አገላብጦ አየ። እንዴት እንደደረሰች ጠየቃት፤ በእግሬ አለችው። ቅጹ በኤስበን ጃኬት ውስጥ መሆኑን ሁለቱም ያውቁታል።

«ተመልሳ ነበር ብለው ነገሩኝ» አለ።

«ተመልሻለሁ።»

ቅጹን አወጣው፤ ዝናብ እንዳይነካው በላስቲክ ጠቅልሎታል። የድል ፊት አልነበረውም፤ የደከመ ሰው ፊት ነው ያለው። «እማዬ፣ ቃል ቃል ነው። አንቺ ነሽ ያልሽው።»

«እኔ ነኝ ያልኩት» አለች ቦዲል። ቦርሳዋን አውርዳ የእንጨት ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። «ሐሙስ ከተራራው ተመለስኩ። ዛሬ ደግሞ ከቃሌ ተመለስኩ። መመለስ አያሳፍርም፤ አሥር ጊዜ የነገርከኝ አንተ ነህ።»

«እሱ እኮ ስለ ተራራ ነው» አለ ኤስበን።

«ዓርብን ሙሉ አንብቤዋለሁ። ለተራራ ብቻ የሚል የለበትም። ቤቴን በውርርድ አላገኘሁትም፣ በውርርድም አልሰጠውም። መጀመሪያውኑ ላስይዘው አይገባኝም ነበር፤ ያ የእኔ ጥፋት ነው። ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ ግን አልፈርምም።»

«ብትወድቂስ?» አላት። «አራት ሰዓት እኮ ነው ሣር ላይ የተኛሽው። ሞተሽ መስሎኝ ነበር፤ ከበሩ እስከ አንቺ ድረስ ስመጣ ሞተሽ መስሎኝ ነበር።»

ይህን ነግሯት አያውቅም ነበር። ቦዲል እጁን ያዘችው። ሐሳቧን ግን አልለወጠችም።

«ልወድቅ እችላለሁ» አለች። «መሰላሉን ውሰደው። ስልኬን ከኪሴ አላወጣውም። በየቀኑ ደውልልኝ፣ አነሳልሃለሁ። ከዚህ በላይ ግን አልሰጥህም፣ ኤስበን።»

ሰዓቷን አየች። ስድስት ሰዓት ነበር። ቅጹን ከእጁ ወሰደችና ከላስቲኩ አውጥታ ወንበሩ ላይ አነጠፈችው። በላዩ ላይ ዳቦውን አስቀመጠች፤ ቆርቆሮውን ከፈተች፤ ዓሣውን በቢላ እያወጣች ቀባችበት። የቲማቲሙ ድልህ ከዳቦው ጠርዝ ተንጠባጥቦ፣ ስም የሚጻፍበት መስመር ላይ ረጋ።

ኤስበን ቆሞ አየው። ከዚያ አጠገቧ ተቀመጠ፤ የዘረጋችለትንም ቁራሽ ተቀበላት።

«ብላ» አለችው። «የፍሩኮስት ሰዓት ነው።»